ካሉት በታች፣ ከሞቱት በላይ

ባለፈው ወር፣ ፀሐይ ለአባቷ የገዛችው ሬዲዮ ሁለት ቀን ሙሉ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥቁር ነው፤ ማንጠልጠያ አለው፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ፀሐይ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ አብረን በምንከራይበት ግቢ ያለው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ እኔ ደግሞ እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ኮምፒውተርና ፕሪንተር እጠግናለሁ። «ጋሼ፣ የአባቴ ዓይን ደክሟል። መርፌውን እዚህ ቁጥር ላይ አቁመው በፕላስተር ያሽጉልኝ። ከዚያ በኋላ የእሱ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ይሆናል» ብላ የጣቢያውን ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ጣቢያው የአገር ቤት ነው፤ ጁባ አይገባም። መርፌውን ቁጥሩ ላይ ሳቆመው የሚሰማው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አባቷ ከሞቱ ያን ቀን ሃያ አንድ ቀናቸው ነው። እሷ አታውቅም።

እኔ አውቅ ነበር። ዕድርተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን ከአገር ቤት ስልክ በተደወለላቸው ዕለት ሰብስበውን፣ «ብቻዋን ናት፤ ደም ግፊትም አለባት። ሰው አገር ብትወድቅብንስ? ለፋሲካ ትገባ የለ? እዚያው ቤተሰቦቿ መሀል ትረዳለች» አሉ። ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም። እንዲህ ያለ ነገር ሲወሰን ራሴን ነቅንቄ ወደ ሥራዬ መመለስ ከለመድኩ ቆይቻለሁ። ፋሲካ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ለሁለት ወር አንድን ሰውዬ በሕይወት ማቆየት ነበረብን፤ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ «ተኝተዋል»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል»፣ «ኔትወርኩ አልሠራ አለ» ማለት ነው። እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። በእኔም ተደርጓል።

በማግስቱ ኮር ዊሊያም ሰፈር የተበላሸ ፕሪንተር አለ ተብዬ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ ስሄድ፣ ነጂው በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ሊሞላ መንገድ ዳር ቆመ። ካጠገባችን ያለው ሱቅ ጄኔሬተሩን ገና ማስነሳቱ ነበር። የመጀመሪያው ጥቁር ጭስ፣ ያ የናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ሳቢው! አንተ ሰው፣ አለህ እንዴ?» አለ። በዚያ ስም የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ካሉት በታች፣ ከሞቱት በላይ» አልኩት ሳልዞር። ይህ መልሴ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ይስቃሉ፣ ያልፋሉ።

ቱት ነበር። ቱት ኑዌር ነው፤ ተወልዶ እዚህ፣ አድጎ ጋምቤላ፣ ተምሮ አዲስ አበባ። አማርኛን እንደ እኔ ይናገራል፤ ሲናደድ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል። ድሮ መቃ የሚያህል ቀጭን ነበር። አሁን ቦርጭ አውጥቷል፣ ጢሙ ነጥቷል፣ መነጽር አድርጓል፣ ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንጠልጥሏል። ብዙ ዓመት ናይሮቢ ኖሮ መመለሱን ሰምቼ ነበር፤ ልፈልገው ግን አልሄድኩም። ሱቁ በረንዳ ላይ ሁለት የላስቲክ ወንበር አስመጥቶ አስቀመጠኝ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ እኛም እንጮሃለን፤ ልክ እንደ ድሮው።

ድሮ ያልኩት ጁባ ውስጥ አስፋልት ብለው በጣት የሚያሳዩት መንገድ አንድ ሁለት በነበረበት ጊዜ ነው። ሆቴል የሚባለው ድንኳን ወይም ኮንቴይነር ነበር። የዓባይን ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች ቀኑን ሙሉ መንገዱን ያረጥቡት ነበር፤ ፀሐዩ ደግሞ ወዲያው ያደርቀዋል። ማንጎ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚያነሳው ያጣ ነበር፤ በአንድ ፓውንድ ፌስታል ሙሉ ይሰጡህና ምራቂ ብለው ሁለት ይጨምሩልሃል። እኛ ሐበሾች ያን ዓመት አፍንጫው የሾለ ጫማ ነበር የምናደርገው፤ ከግቢ እስከ ምግብ ቤት ሳትደርስ ቀይ አቧራ ይሞላዋል፤ ደጃፍ ላይ ቆመን እያወለቅን ስናራግፍ የሚያየን ሁሉ «ሐበሻ ለጫማው ይጸልያል» እያለ ይስቅብን ነበር። ከጎናችን ያለው መጠጥ ቤት ጠዋት የኮንጎ ጊታር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእኛን የትዝታ ዜማ ይከፍታል። ካሴቱ ከሙቀት ብዛት ስለተለጠጠ ዘፋኟ ሁልጊዜ እንቅልፍ እንደያዛት ነው የምትዘፍነው። ዛሬ በዚያ ቦታ የሞባይል ሱቅ አለ። መንገዱም አስፋልት ሆኗል። ጥሩ ነው።

ባለቤቶቻቸው ለጥገና ሰጥተውኝ ሳይወስዷቸው አገር የለቀቁ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩኝ። ቱት ከናይሮቢ አንድ ሲዲና አንድ ቀጭን መጽሔት ይዞ መጣ። የጦርነት ጨዋታ ነው፤ በተራ የሚጫወቱት፣ ካርታ ያለው፣ ከተማ እየሠራህ ጦር የምታዘምትበት። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኘኋቸው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ሲነሳ እንጀምራለን፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲጠፋ እናቆማለን። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች። የሚያየን ያፍርብን ነበር።

ቱት ሁልጊዜ የሰዎቹን መንግሥት ይይዛል፤ እኔ ሁልጊዜ የሙታኑን። ምክንያት አለኝ። ወጣት ሳለሁ ወታደር ነበርኩ። በየትኛው ዘመን፣ ለማን የሚለው አሁን አይጠቅምም። ከጦርነቱ የማስታውሰው ያልመጣውን ኮቾሮ፣ ያን ደረቅ የወታደር ስንቅ ነው፤ ጠላት ደግሞ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣል። ስለዚህ ቱት መጽሔቱን እያነበበ «የሙታኑ ጦር እርሻ አያስፈልገውም፣ አይበላም» ሲል፣ «ይኸው የእኔ ጦር!» ብዬ ተነሳሁ። የቱት ሰዎች እርሻ ይሻሉ፣ ገበያ ይሻሉ፣ ደመወዝ ሲዘገይ ያጉረመርማሉ፣ ከመሀላቸው ጥቂቶች ሲወድቁ የቀሩት ልባቸው ይከዳቸውና ይሸሻሉ። የእኔ አጥንቶች አይሸሹም። ምን ይፈራሉ? ቀርፋፋ ናቸው፤ አንድ የቱት ፈረሰኛ አምስቱን ይጥላቸዋል። ግን ውጊያው ሲያልቅ ሜዳው ላይ የወደቀው ሁሉ፣ የእኔም የእሱም፣ በሚቀጥለው ተራ ተነስቶ በእኔ ወገን ይቆማል። ወታደሮቹ በሞቱ ቁጥር የሚበዛ ሌላ ጦር አላየሁም። ባለፉበት ሣሩ አመድ ይሆናል፤ ቁስላቸው የሚሽረውም በዚያ አመድ መሬት ላይ ብቻ ነው። ለምለም አገር ሲገቡ እየሳሱ ይሄዳሉ።

አንድ ድክመት አላቸው። የሚያስነሳቸው ሰው አለ፤ ካባ የለበሰ፣ ሩቅ ቆሞ እጁን የሚያወዛውዝ። ካህናት ሲቆጡ «ሙታን ሳቢ» የሚሉት ዓይነት ነው። እኛም ሳቢ አልነው፤ ቱት ስሙን ለእኔም አወጣልኝ። እሱ ከሞተ ጦሩ በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ በየተራው ጥቂት ጥቂት ይፈርሳል፤ ትዕዛዝ አይሰማም፤ ቆሞ ያልቃል። ብልህ ተጫዋች አጥንቶቹን አይዋጋም፤ በጎን ዞሮ ሳቢውን ይፈልጋል። ቱት ብልህ ነበር። በዞረ ቁጥር ያገኘኛል፤ ሳቢዬን ይጥልና «ከላስ!» ይላል፤ አለቀ ማለቱ ነው።

የመጽሔቱ መጨረሻ ላይ የሙታኑ ታሪክ ነበረበት። የመጀመሪያው ሙት አንድ የጦር አዛዥ ነው። ሲሞት ንጉሡ፣ ሠራዊቱ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብሎ፣ ማንም መሞቱን እንዳይናገር አዋጅ አስነገረ። አዛዡም ያልሰማ ሰው ሆኖ መራመዱን ቀጠለ። ቱት ይህን ተርጉሞልኝ ሲጨርስ መጽሔቱን አጥፎ፣ «ይገባሃል? መርዶ ስላልደረሰው ነው የሚራመደው» አለኝ።

ሳቅሁበት። «አንተ ደግሞ! መርዶ ለሟች ይነገራል እንዴ? ለቀሪ ነው እንጂ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ ጠዋት ተሰብስባችሁ ስትሄዱ አያለሁ፤ ሰውየው ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሟቹ ሞተ የሚባለው። ታዲያ የሚያሳርፈው ምንድነው?» አለ። የቋንቋ ስሕተት መስሎኝ አረምኩት። ጋምቤላ ያደገ ሰው ምን ያውቃል ብዬ ለሳምንት ቀለድኩበት።

እናቴን በየቅዳሜው እደውልላት ነበር። ኔትወርክ ለመያዝ ውሃ ታንከሩ የቆመበት ማማ ላይ እወጣለሁ። ከአንድ ቅዳሜ ጀምሮ እህቴ ማንሳት ጀመረች። «እማዬ ቅዳሴ ናት»፣ «ተኝታለች»፣ «ጆሮዋ ስልክ አልሰማ አለ፤ ሰላም ብሎሻል እላታለሁ»። የእማዬ እግር ያብጥ ነበር። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዞሬ ዞሬ ለስላሳ የጨርቅ ጫማ፣ ጥቁር፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር አገኘሁ፤ እግሯን እንዳይጫናት እጄን ውስጡ እየከተትኩ ሞከርኩት። ቱት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ነበረው፤ በእሱ ላክሁ። ሳምንት ቆይቶ እህቴ፣ «ልክ ሆናት፤ በጣም ወደደችው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጨዋታው ላይ ቱትን ማሸነፍ ጀመርኩ። ፈረሰኞቹ እንደ ድሮው በጎን ይዞሩና ሳቢዬ አጠገብ ሲደርሱ ይቆማሉ። አንዳንዴ ፊት ለፊት ተያይተው ቆመው ተራው ያልፋል። ከዚያ የእኔ አጥንቶች ደርሰው ይከቧቸዋል። ወራት በሙሉ አንድ ጊዜ አልተሸነፍኩም። «ወታደር ወታደር ነው!» እያልኩ እጎርር ነበር።

አንድ እሑድ ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገና ሳይሞላ፣ ግቢው ውስጥ ጥርሴን ስፍቅ በሩ ተከፈተና ጋሽ መኮንን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው አሥር የሚሆኑ ሰዎች። ቱትም አለ፤ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ጋቢ ለብሶ በሩን ተደግፎ ቆመ። እኔ ዕድርተኛ ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። መርዶ ልንናገር ልንሄድ ነው፤ እኔን ሊወስዱኝ መጥተዋል።

«እግዚአብሔር ያጥናቸው፤ የማን ቤት ነው?» አልኳቸው። «ቆዩኝ፣ ጫማዬን ላድርግ።»

ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ማራገፍ ጀመርኩ። አንዱን አድርጌ አሠርኩ። እንዳላስቆማቸው እየቸኮልኩ ሁለተኛውን ሳነሳ ማንም ከቦታው አለመንቀሳቀሱን አየሁ። ቀና አልኩ። ሁሉም የሚያዩት ጫማዬን ነበር።

«የእኔ ቤት ነው እንዴ?» አልኩ።

ጋሽ መኮንን፣ «አይዞህ ጌታሁን» አሉ።

እማዬ ከሞተች ስድስት ወሯ ነበር። ከአርባዋ ከሰማንያዋ በኋላ ነበር ጫማው የደረሰው። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹም አለቀሱ። አንዱ «አስለቅሱት፣ እንዲህ መሆን ጥሩ አይደለም» ሲል እሰማለሁ። እኔ የማስበው እህቴ «ልክ ሆናት» ስትል ጫማውን ማን ለክቶት ይሆን የሚለውን ነበር። ሌላ ምንም አልተሰማኝም። አገር ቤት የሚያለቅስ ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል፤ ማቁን አውልቋል፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፤ ብቻዬን ደግሞ ከየት እንደሚጀመር አላወቅሁም። ለቅሶውን እንደሚመጣ ነገር ጠበቅሁት። አልመጣም። በኋላ አገር ቤት ስገባ ጫማውን አልጋዋ ሥር ከነካርቶኑ አገኘሁት፤ ሶሉ አፈር አልነካም። ያኔም አልመጣም።

ለቅሶ መቀመጡ አልቆ ሰው ሲበተን ቱት ምንም ሳይል ጄኔሬተሩን አስነሳና ጨዋታውን ከፈተ። በሦስተኛው ተራ ፈረሰኞቹ በወንዙ በኩል ዞረው መጡና ሳቢዬን ጣሉት። አላቆመም፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ከላስ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ፣ «ጋሽ መኮንን የእናትህን ከነገሩኝ ቀን ጀምሮ መምታት አቃተኝ። እሱን ከገደልኩ አፌም አብሮ ፈርሶ ምስጢሩ የሚያመልጠኝ እየመሰለኝ። ይቅርታ» አለኝ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም አልኩት። አጥንቶቼ ቆመው በየተራው ሲያልቁ ሁለታችንም እያየን ቆየን። ከዚያ ወዲህ አልተጫወትንም። ሲዲውም ተጫረ፤ እሱም ናይሮቢ ሄደ።

ይህ ሁሉ አለፈ፤ የሚያስገርመው እንዴት እንደሚኖር ነው። እሠራለሁ፣ እስቃለሁ፣ በዓል አከብራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓባይ ዳር ረጃፍ ወርጄ ዓሣ እበላለሁ። የሚጎድል ነገር እንዳለ የማውቀው ሰዎች ሲያለቅሱ ወይም ሲጨፍሩ አጠገባቸው ስቆም ነው። እርሻ አልሻም፣ አላጉረመርምም፣ አልሸሽም።

በረንዳው ላይ ለቱት የፀሐይን ነገር ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት እንጃ፤ የጄኔሬተሩ ሽታ ይሆናል። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«የሷን አባት የሚስበው ማነው?» አለኝ።

«ዕድሩ ነዋ።»

«ዕድሩማ አጥንት ነው፤ የተባለውን ያደርጋል። ሬዲዮው ማን ጋር ነው ያለው?»

«እኔ ጋር።»

«በቃ» አለኝ ቱት። «ካባውን ለብሰሃል ማለት ነዋ።»

ተናድጄ ተነሳሁ። ብዙ ጊዜዬ ነበር ከተናደድኩ። ፕሪንተሩን ሳልጠግን ተመለስኩ። ማታ ሬዲዮውን አየሁት፤ በማግስቱም አየሁት። ሃያ ሦስተኛ ቀን። ጋሽ መኮንን ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚሉትም እውነት ነው፤ ብቻዋን ናት፣ ደም ግፊት አለባት። ብትወድቅ በእጄ ነው። ግን ዛሬ ብትሰማ ለአርባቸው ትደርሳለች። የሚያለቅሱት ሳይጨርሱ ትደርሳለች።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። መርዶ በንጋት ነው፣ ከሽማግሌ ጋር ነው፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ ነው። እኔ በሥራ ልብሴ ብቻዬን ነበርኩ። የምታውቃት ነርስ እንድትመጣ ነግሬ ምግብ ቤቱ ውስጥ አስቀምጫት ነበር፤ ያደረግሁት ጥንቃቄ ይህ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ደረሰልኝ? አልሠራም አለ እንዴ?»

«ይሠራል። ቁጭ በይ ፀሐይ።»

«እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት...»

«ቁጭ በይ እኮ ነው የምልሽ።» ተቀመጠች። የታሸገውን ሬዲዮ አየች፣ እኔን አየች። «አባትሽ አርፈዋል። ዛሬ ሃያ ሦስት ቀናቸው ነው። ሁላችንም እናውቅ ነበር።»

መጀመሪያ፣ «ሬዲዮውን ታዲያ ለምን አሸጉት?» አለችኝ። ከዚያ ጮኸች። ጩኸቷ ቆርቆሮውን አልፎ መንገድ ላይ ያሉ ቦዳ ነጂዎችን አስቆመ። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ግቢው ሞላ። ጋሽ መኮንን ደርሰው በሩ ላይ ቆመው፣ «ጌታሁን፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም። አልወደቀችም። ሬዲዮውን ይዛ በአራተኛው ቀን ተሳፈረች።

የዛሬ ሳምንት ስልኬ ጠራ። የአገር ቤት ቁጥር ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ አርባው ነው፤ ደረስኩ» አለች ድምፅዋ ተዘግቶ። «መቃብሩ ላይ አለቀስኩ። ሬዲዮውን እናቴ ወሰደችው፤ መርፌውን ሳናዞረው ነው ጣቢያውን የያዘው።» ከዚያ አንድ ዘመድ ገባ መሰለኝ፣ ስልኩን ሳትዘጋው ተነሳች። ከበስተኋላ ሰው ይሰማል። አንዲት ሴት የሟቹን ስም እየጠራች ታስለቅሳለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ሰሐን ይንኳኳል። እኔ ያልደረስኩበት ለቅሶ ይህን ይመስል እንደነበር አሰብኩ። የእማዬን ስም እንደሚጠሩ አድርጌ ሰማሁት። ጄኔሬተሩ እንዳይጮህብኝ ሄጄ አጠፋሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጭኜ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ?» አለች ተመልሳ። «ዝም አሉ እኮ፤ አሉ?»

ያንን የተለመደውን መልሴን ልመልስላት አፌን ከፈትኩ።

«አለሁ» አልኳት።